ከኮረም እስከ ጎዴ፦ የካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ሕይወትና በሙዚየም የቀሩ መታሰቢያዎቻቸው

በማዕከላዊ ፊንላንድ፣ በዩቫስኪላ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ቲካኮስኪ የፊንላንድ አየር ኃይል ሙዚየም ይገኛል። በሙዚየሙ ከሚታዩት ቅርሶች መካከል ዲሲ-2 የተሰኘ ሁለት ሞተር ያለው አሮጌ የመንገደኞች አውሮፕላን አንዱ ነው። አውሮፕላኑ በፊንላንዳውያን ዘንድ የሚታወቀው ሃንሲን ዩካ በተባለ የራሱ ስም ሲሆን፣ ለመንገደኞች ማመላለሻ ተሠርቶ በጦርነት ጊዜ ቦምብ ጣይ ለመሆን የበቃ ነው። ጦርነቱ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሃሜንሊና ከተማ ቆሞ የቡና መጠጫ ቤት ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ በ2011 ታድሶ ለዕይታ በቅቷል።

ይህን አውሮፕላን ገዝተው ለፊንላንድ ያበረከቱትና በጦርነቱም ያበረሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ናቸው። ካውንቱ በፊንላንድ የሚታወቁት በዚህ አውሮፕላን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የሚታወቁት ከድል በኋላ የተቋቋመው አየር ኃይል ዋና አስተማሪ በመሆናቸው ነው። ሕይወታቸው ያለፈውም በኢትዮጵያ ምድር፣ በጎዴ ነው።

በየትኛውም አገር የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ ከሚቀርቡት መታሰቢያዎች ሁለት ዓይነት ምልክቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው አብራሪው ሥልጠናውን በብቃት ሲያጠናቅቅ በደረቱ ላይ የሚሰካለት የክንፍ ዓርማ ነው። ሁለተኛው በአውሮፕላኑ ክንፍና ጎን ላይ የሚሳለው የአገር ወይም የድርጅት ዓርማ ነው። የደረቱ ክንፍ ባለቤቱ ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል፤ የአውሮፕላኑ ዓርማ ደግሞ ለማን እንደሚሠራ ይናገራል። አብዛኛው የጦር አብራሪ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ ዓርማ ሥር ያገለግላል። ካውንት ቮን ሮዘን ግን ከአራት በላይ በሆኑ ዓርማዎች ሥር በርረዋል። የሕይወት ታሪካቸው በአንድ ሙዚየም አዳራሽ ተጠቃሎ ሊቀመጥ ያልቻለውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የተወለዱት እ.ኤ.አ ነሐሴ 19 ቀን 1909 በስዊድን ሶደርማንላንድ አውራጃ ነው። ቤተሰቡ ሮከልስታድ በተባለ የሐይቅ ዳር ርስት የሚኖር ባለጸጋና ከመሳፍንት ወገን የሆነ ነበር። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን አሳሽና የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ የነበሩ ሲሆን፣ አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን ተዘዋውረው አይተዋል። ካርል ጉስታፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ሞተርና ወደ መሣሪያ ያዘነብሉ ነበር። ወጣት ሳሉም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ የአየር ላይ ትርዒት በሚያሳዩ አብራሪዎች ሙያ ተሰማርተዋል። በዚያ ዘመን የአንድ መስፍን ልጅ በትርዒት አብራሪነት መሥራቱ ለቤተሰቡ የሚያኮራ ነገር አልነበረም።

ስለ አባታቸው ሲነሣ ከአየር ኃይል ዓርማዎች ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ መጋቢት 6 ቀን 1918፣ ፊንላንድ ነፃነቷን ካወጀች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ካውንት ኤሪክ ቱሊን ዲ የተባለ አንድ አውሮፕላን ለፊንላንድ በስጦታ አበረከቱ። የፊንላንድ አየር ኃይል የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚህ ስጦታ ነው። በአውሮፕላኑ ክንፎች ላይ ካውንት ኤሪክ የመልካም ዕድል ምልክት አድርገው የያዙት ሰማያዊ ስዋስቲካ ተስሎ ነበር። ወጣቱ አየር ኃይል ይህንኑ ምልክት ዓርማው አድርጎ እስከ 1945 ድረስ ተጠቅሞበታል።

ምልክቱ በፊንላንድ አውሮፕላን ላይ ሲሳል የጀርመን ናዚ ፓርቲ ገና አልተመሠረተም ነበር። ይሁንና ቤተሰቡን ከናዚዎች ጋር የሚያገናኝ ሌላ ክር አለ። የካርል ጉስታፍ እናት እኅት የሆኑት ካሪን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በሮከልስታድ ቤት የተዋወቁትን ጀርመናዊ የጦር አብራሪ አገቡ። ይህ ሰው በኋላ የሂትለር ቀኝ እጅና የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ሄርማን ጎሪንግ ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክም በ1930ዎቹ ወደ ናዚዎች አስተሳሰብ አዘንብለዋል። ልጃቸው የመረጡት መንገድ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር።

ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ ጥቅምት 3 ቀን 1935 ኢትዮጵያን ስትወርር ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም መካከል ለጦርነት የሚሆን አልነበረም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1929 ነበር። ወራሪው ኃይል በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፏል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በዚያው የጦርነት ዋዜማ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ቁስለኞችን የማከሙ ሸክም በአመዛኙ የወደቀው ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኔዘርላንድስና ከሌሎችም አገሮች በመጡ የሕክምና ቡድኖች ላይ ነበር።

የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር መሪነት በደቡብ ግንባር ሠፍሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 መልካ ዲዳ በተባለው ቦታ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በድብደባው በርካታ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችና ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮም ሕይወታቸው አልፏል። ካውንት ቮን ሮዘን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 26 ሲሆን፣ ሃይንከል የተባለ አነስተኛ የአምቡላንስ አውሮፕላን ይዘው ለስዊድን ቀይ መስቀል በአብራሪነት አገልግለዋል።

የካውንቱ ሥራ ቁስለኞችን ከግንባር ማንሣትና መድኃኒት ማድረስ ነበር። የአየር ጠባይ ትንበያ አልነበረም፤ የተስተካከለ ማኮብኮቢያም አልነበረም። በየግንባሩ የሚያርፉት በእርሻ ማሳና በግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ደካማ ሞተር ያለው አውሮፕላን ጭነት ይዞ ለመነሣት ብዙ ይቸገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አደጋው የነበረው ከሰማይ ነው።

ካውንቱ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ከስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ጋር ወደ ሰሜን ግንባር በረሩ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 1936፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም፣ በኮረም ሜዳ ያረፈው አውሮፕላናቸው ትልቅ ቀይ መስቀል ተስሎበት እያለ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ተቃጠለ። በዚሁ ግንባር ሁለቱ ሰዎች በመርዝ ጋዝ የተለበለቡ ወታደሮችንና ገበሬዎችን በዓይናቸው ተመልክተዋል። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ያጸደቀች አገር ነበረች። ካውንት ቮን ሮዘን ራሳቸውም በሰናፍጭ ጋዝ የመቃጠል ጉዳት ደርሶባቸዋል።

የካውንቱን የኋላ ዘመን ሥራ ለመረዳት የኮረሙ ቀን ቁልፍ ሆኖ ይታያል። ዓርማው ጥበቃ ያደርጋል ተብሎ በዓለም መንግሥታት ፊርማ የጸና ነበር። ጥበቃ ግን አላደረገም፤ እንዲያውም ለአጥቂው ዒላማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት ካውንቱ አንድ ጊዜ የዕርዳታ እህል፣ ሌላ ጊዜ ቦምብና ሮኬት ይዘው የታዩት ከዚህ ትምህርት በመነሣት ይመስላል።

ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ የኔዘርላንድስ አየር መንገድ በሆነው ኬ.ኤል.ኤም ተቀጥረው የመንገደኞች አብራሪ ሆኑ። ይህ ኑሮ ግን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ ኅዳር 30 ቀን 1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስታጠቃ ካውንቱ ሥራቸውን ለቀው ወደ ፊንላንድ አመሩ። ባዶ እጃቸውንም አልሄዱም። ሁለት ኩልሆቨን የተባሉ የኔዘርላንድስ ሥሪት የቅኝት አውሮፕላኖችንና የኬ.ኤል.ኤም ንብረት የነበረውን ዲሲ-2 ገዝተው ለፊንላንድ አስረከቡ። አባት ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ያደረጉትን ልጅ ደገሙት።

ዲሲ-2 የተሠራው መንገደኛ ለማጓጓዝ ነው። በፊንላንድ ግን የቦምብ መሸከሚያ ተገጥሞለት፣ መትረየስም ተጨምሮለት ወደ ጦር መሣሪያነት ተለወጠ። ካውንቱም እ.ኤ.አ በመጋቢት 1940 መጀመሪያ በሌሊት በሶቪየት ይዞታ ላይ የቦምብ ጥቃት ለመፈጸም አብርረውታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሰላም ስምምነቱ ተፈርሞ ጦርነቱ በማብቃቱ አውሮፕላኑ በቦምብ ጣይነት የታሪክ መዝገብ ውስጥ የገባው በዚሁ አንድ ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ በማመላለሻነት ለረጅም ዓመታት አገልግሏል። በጦርነቱ ዘመን በክንፎቹ ላይ የነበረው ሰማያዊ ዓርማ አባት በ1918 ያመጡት ነው።

ጀርመን እ.ኤ.አ በግንቦት 1940 ኔዘርላንድስን ስትይዝ ካውንቱ ወደ እንግሊዝ ሄደው በንጉሣዊው አየር ኃይል ውስጥ ተሰልፈው ለመዋጋት አመለከቱ። ማመልከቻቸው ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱም ከሄርማን ጎሪንግ ጋር ያላቸው የጋብቻ ዝምድና ነበር። በኢትዮጵያ ከፋሽስቶች ጋዝ የተቃጠለ ሰው በአክስቱ ባል ምክንያት በፀረ ናዚው ጎራ አለመታመኑ በጊዜው ቅር ሳያሰኛቸው አልቀረም። የእንግሊዝ ባለሥልጣናትም በዚያ የጭንቅ ሰዓት ከዚህ የተለየ ውሳኔ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ካውንቱ በኬ.ኤል.ኤም ሥራቸው ቀጥለው በእንግሊዝና በሊዝበን መካከል ያለውን አደገኛ መስመር አብርረዋል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ካውንት ቮን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከ1945 እስከ 1956 ድረስም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል ዋና አስተማሪ ሆነው አገልግለዋል። በሕይወታቸው ውስጥ በአንድ ቦታና በአንድ ሥራ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፉት በዚህ ነው።

በጊዜው የነበረው ሁኔታ ከዜሮ እንደመጀመር የሚቆጠር ነበር። ከወረራው በፊት ሥልጠና ያገኙት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተበትነዋል፤ አውሮፕላኖቹም ጠፍተዋል። ከድል በኋላ ሥልጠናውን እንደገና የጀመሩት አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ሮቢንሰን በወረራው ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩ፣ በ1944ም ጓደኞቻቸውን አስከትለው ዳግም የመጡ የኢትዮጵያ ባለውለታ ነበሩ። የስዊድናውያኑ መምጣት በሁለቱ አስተማሪዎች መካከል የሥልጣን ሽኩቻ ፈጠረ። ጠቡ እ.ኤ.አ በ1947 እስከ እጅ መሰናዘር ደርሶ ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ ተለዩ። ሮቢንሰን ኢትዮጵያን ግን አልተለዩም። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አልፎ በአዲስ አበባ ጉለሌ ተቀብረዋል። ሁለት የኢትዮጵያ ወዳጆች በአንድ ሜዳ ላይ አለመስማማታቸው የሚያሳዝን ቢሆንም፣ የአየር ኃይሉ ታሪክ ሲነገር የአንዱ ስም ለሌላው ሲባል ሊዘለል አይገባም።

በስዊድን በኩል የተደረገው ድጋፍ በአስተማሪ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ለጀማሪዎች ማሠልጠኛ ሳፊር የተባለው የሳብ ኩባንያ አነስተኛ አውሮፕላን ተመረጠ። ሳፊር ከብረት የተሠራ፣ አንድ ሞተር ያለው፣ ለመብረር የሚያስቸግር ጠባይ የሌለው አውሮፕላን ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1945 ነው። ለውጊያ ደግሞ ስዊድን ራሷ በጦርነቱ ዘመን የሠራችው ሳብ 17 የተባለው ቦምብ ጣይ ተገዛ። ኢትዮጵያ ከዚህ ዓይነት ከ40 በላይ አውሮፕላኖችን የተረከበች ሲሆን፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የተደራጀ የአየር የማጥቃት ኃይል የተመሠረተው በእነዚህ ነው።

እ.ኤ.አ በግንቦት 1947 ካውንት ቮን ሮዘን ከእነዚህ የሳፊር አውሮፕላኖች አንዱን ከስቶክሆልም አስነሥተው በየትም ቦታ ሳያርፉ አዲስ አበባ አሳረፉ። ርቀቱ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በረራው የፈጀው 31 ሰዓት ገደማ ነው። የሳፊሩ ሞተር ጉልበት ከአንድ መካከለኛ የቤት አውቶሞቢል የሚበልጥ አልነበረም። ተጨማሪ የነዳጅ ታንኮች ስለተጫኑበት አውሮፕላኑ ሲነሣ ከተለመደው በላይ ከባድ ነበር። አብራሪው አውሮፓን፣ የሜዲትራኒያንን ባሕርና በረሃውን አቋርጠው ሲደርሱ የቀራቸው ፈተና የኢትዮጵያ ተራራ ነበር። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ከ30 ሰዓት የእንቅልፍ እጦት በኋላ ለማረፍ መውጣት እንጂ መውረድ የማያስፈልግበት ከተማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ በረራ ለፋብሪካው ታላቅ ማስታወቂያ ሆኖለታል።

ሥልጠናው የተመደበው በቢሾፍቱ ነበር። በኋላ ሐረር ሜዳ በመባል የታወቀው የአየር ምድብ የስዊድን አስተማሪዎችና ሜካኒኮች ከኢትዮጵያውያን ዕጩ መኮንኖች ጋር የሠሩበት ቦታ ነው። ዕጩዎቹ በትምህርታቸው የተመረጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ በረራ ብቻ ሳይሆን ሂሳብ፣ የሞተር ዕውቀት፣ የሬዲዮ ግንኙነትና የአየር ጠባይ ጥናት ይማሩ ነበር። አንድ አውሮፕላን አንድ ሰዓት እንዲበር መሬት ላይ ብዙ ሰዓት የሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎች እንደሚያስፈልጉ ለሙያው ቅርበት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የአብራሪውን የደረት ክንፍ የሚያየው ጎብኚ ግን ከክንፉ ጀርባ ያለውን የሜካኒክ እጅ አያይም። በሙዚየሞችም ቢሆን ከአብራሪው መለዮ አጠገብ የሜካኒኩ የሥራ ልብስ ተሰቅሎ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው።

እ.ኤ.አ በ1953 ኢትዮጵያና ዩናይትድ ስቴትስ የመከላከያ ትብብር ስምምነት ሲፈራረሙ የአየር ኃይሉ ሥልጠናና ትጥቅ ቀስ በቀስ ወደ አሜሪካ ዞረ። ካውንቱም በ1956 ኃላፊነታቸውን ለቀው ወደ ስዊድን ተመለሱ። በእነርሱ ዘመን የተጣለው መሠረት ግን ፍሬ ማፍራቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ በ1961 የኢትዮጵያ አየር ኃይል አራት ኤፍ-86 ተዋጊ ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ ወደ ኮንጎ ሲዘምቱ፣ የስዊድን ጄቶችም በዚያው ተልእኮ ተሰልፈው ነበር። መምህርና ተማሪ የነበሩ ሁለት አየር ኃይሎች በአንድ የሰላም ዓርማ ሥር ጎን ለጎን ሠሩ።

ካውንት ቮን ሮዘንም በዚያው ጊዜ ኮንጎ ነበሩ። ትራንስኤር የተባለው የስዊድን አየር መንገድ አብራሪ ሆነው ለተባበሩት መንግሥታት በርረዋል፤ ዋና ጸሐፊውን ዳግ ሃመርሾልድን ካበረሩት አብራሪዎችም አንዱ ነበሩ። ዋና ጸሐፊው እ.ኤ.አ መስከረም 18 ቀን 1961 በንዶላ አቅራቢያ በደረሰው አደጋ ሕይወታቸው ሲያልፍ አውሮፕላኑን ያበሩ የነበሩት ሌሎች የዚያው ድርጅት አብራሪዎች ናቸው።

በካውንቱ ሕይወት እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ምዕራፍ የቢያፍራው ነው። እ.ኤ.አ በ1967 የናይጄሪያ ምሥራቃዊ ክልል ቢያፍራ በሚል ስም ተገንጥያለሁ ብሎ ሲያውጅ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የክልሉ መውጫና መግቢያ በመዘጋቱ በተለይ ሕፃናት በረሃብ አለቁ። ካውንቱ በነሐሴ 1968 የዕርዳታ እህልና መድኃኒት የጫነ የትራንስኤር አውሮፕላን ይዘው፣ ከዛፎቹ ጫፍ ብዙም ከፍ ሳይሉ በመብረር፣ ኡሊ በተባለችው ጊዜያዊ ማረፊያ አረፉ። ይህ በረራ የአብያተ ክርስቲያናቱ የዕርዳታ ማመላለሻ እንዲጠናከር መንገድ ከፍቷል።

በቀጣዩ ዓመት ግን ካውንቱ የዕርዳታውን ዓርማ ትተው የጦርነት ተሳታፊ ሆኑ። ኤም.ኤፍ.አይ-9 የተባሉ አምስት ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ተገዝተው በአረንጓዴ ቀለም ተቀብተውና ሮኬት ተገጥሞላቸው ከጋቦን ወደ ቢያፍራ ገቡ። እነዚህ አውሮፕላኖች ለስፖርትና ለልምምድ የተሠሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ ከግንቦት 22 ቀን 1969 ጀምሮ ካውንቱ፣ ሌሎች ስዊድናውያንና የቢያፍራ አብራሪዎች በፖርት ሃርኮርት፣ በቤኒንና በኤኑጉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ድንገተኛ ጥቃት ፈጸሙ። ስለወደሙት አውሮፕላኖች ብዛት ሁለቱ ወገኖች ያወጡት አኃዝ አይጣጣምም። ጥቃቱ ግን የዓለምን ትኩረት ስቧል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም የሚመለከት ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያን የግዛት አንድነት በመደገፍ ያቋቋመውን የመሪዎች አማካሪ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስለሆነም የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ለአሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩት ሰው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በድርድር ሊፈቱት ከሚጥሩት ጦርነት በአንዱ ወገን ተሰልፈው ተገኙ። ካውንቱን የሚያደንቁ ወገኖች የረሃቡን አስከፊነት ይጠቅሳሉ። የሚነቅፏቸው ደግሞ የዕርዳታ በረራዎችን ከጦርነት ጋር በማቀላቀላቸው ለእህል ጫኚው አብራሪ አደጋ አስከትለዋል ይላሉ። በኮረም ቀይ መስቀሉ ሲቃጠል ያዩ ሰው በዓርማ ጥበቃ ላይ እምነት ማጣታቸው የሚያስገርም አይደለም። ይሁንና ሁሉም አብራሪ የእርሳቸውን መንገድ ቢከተል የቀይ መስቀል ዓርማ ዛሬ ጨርሶ ትርጉም ባልኖረው ነበር።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ በጥር 1970 በቢያፍራ ሽንፈት ተጠናቀቀ። ካውንቱ ግን ትናንሾቹን አውሮፕላኖች አልረሷቸውም። ኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም በወሎና በሌሎች አካባቢዎች በተከሰተው ድርቅና ረሃብ በተጎዳችበት ጊዜ፣ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ኤም.ኤፍ.አይ-15 የተባለ አውሮፕላን ይዘው መጡ። በዚህ ጊዜ በክንፎቹ ሥር የተንጠለጠለው ሮኬት ሳይሆን እህል ነበር። ትልልቆቹ የዕርዳታ አውሮፕላኖች ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋሉ፤ የጭነት መኪናም ገደልና ወንዝ በሚበዛበት ቀበሌ አይደርስም። ትንሿ አውሮፕላን ግን በሸለቆዎች መካከል ዝቅ ብላ በመብረር የእህል ከረጢቶችን መንገድ ለሌላቸው መንደሮች ትጥላለች። ለቢያፍራ ጥቃት የተዘጋጀው የዝቅታ በረራ ስልት ለተራበው ገበሬ እህል ማድረሻ ሆነ። ለአርባ ዓመት በሁለት ጫፍ ሲመላለሱ የኖሩት ሰው ሁለቱን ጫፎች ያገናኙት በዚህ ሥራቸው ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ በ1977 አጋማሽ የሶማሊያ መንግሥት ሠራዊት የኢትዮጵያን ምሥራቃዊ ግዛት ለመውረር ተነሣ። በኦጋዴን የሚኖረው ሕዝብም በድርቁና በግጭቱ መካከል ተይዞ ነበር። ካውንት ቮን ሮዘን የዕርዳታ ሥራቸውን ለመቀጠል በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ጎዴ ሄዱ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ ሐምሌ 13 ቀን 1977፣ በከተማዋ ላይ በተከፈተው ጥቃት ተገደሉ። የ67 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በአየር ላይ ያሳለፉት አብራሪ የሞቱት በምድር ላይ ነው።

የካውንቱ መታሰቢያዎች እንደ ሕይወታቸው በየአገሩ ተበታትነዋል። ሃንሲን ዩካ በቲካኮስኪ ቆሟል። የሳብ ፋብሪካ መቀመጫ በሆነችው በሊንሾፒንግ የሚገኘው የስዊድን አየር ኃይል ሙዚየም ደግሞ የኢትዮጵያ ወጣቶች የበረራ ሀሁ ከቆጠሩባቸው ከሳፊርና ከሳብ 17 ዓይነቶች ለጎብኚ ያሳያል። በኮረም የተቃጠለው ባለ ቀይ መስቀል አውሮፕላን ለየትኛውም ሙዚየም የሚደርስ አልነበረም።

ካውንቱ በጎዴ በወደቁበት በዚያው ወር የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶቻቸውን ከቢሾፍቱና ከድሬዳዋ እያስነሡ ከሶማሊያ ሚግ አውሮፕላኖች ጋር የአየር ውጊያ ገጠሙ። በሳምንታት ውስጥም የኦጋዴንን ሰማይ ተቆጣጠሩ።